ናሆም፦ ታድሷል

ኮምቦልቻ ውስጥ ቀኑ የሚጀምረው በመጻፍ ነው። ሰው ከአልጋው ይወርድና ፊቱን ሳይታጠብ ግድግዳው ላይ ካለው ጥቁር መስኮት ፊት ቆሞ ይጽፋል። ፊቱን ሳይታጠብ ያልኩት ለማጋነን አይደለም፤ ካልጻፈ ቧንቧው ውሃ አይሰጠውም። «ቶከን አድስ» ይልና ስሙን ያስከትላል፤ ቶከን መስኮቱ ሰውን የሚያውቅበት መለያ ነው። መስኮቱ ትንሽ ያስባል፤ ከዚያ «ታድሷል» ይላል። ያን ጊዜ ውሃው ይወርዳል፣ የግቢው በር ይከፈታል፣ አውቶቡሱ ያሳፍራል፣ ዳቦ ቤቱም ዳቦ ይሸጣል። ሳያድስ የዋለ ሰው ጎረቤት እስኪያስታውሰው ድረስ ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል።

እኔ ልጅ ሳለሁ እንዲህ አልነበረም። ሰው ስልኩ ላይ ያለውን ሥዕል በጣቱ እየነካ፣ ፊቱን ለካሜራ እያሳየ፣ በድምፁ እያዘዘ ይኖር ነበር። ኋላ ፊትም ድምፅም ማንም እቤቱ የሚሠራው ነገር ሆነ። አንድ ቀን የአክስቴ ልጅ ደውላ በእንባ «ድረሱልኝ» ስትለን፣ እውነተኛዋ የአክስቴ ልጅ ከእኛው ጋር ተቀምጣ ምሳ እየበላች ነበር። እንዲህ ያለው እየበዛ ሲሄድ ሰው በስልክ የሰማውንም በስክሪን ያየውንም ማመን ተወ። በመጨረሻ ሥዕሉም፣ የሚነካውም፣ የሚናገረውም ሁሉ ተጠርጎ ወጣና ፊደልና ጥቁር መስኮት ብቻ ቀሩልን። መስኮቱ ላይ የሚወጣ ቃል ቶከን ስላለው አይመሰልም ተባለ። እኔም አምነዋለሁ፤ ሌላ የማምነው ነገር ስለሌለኝ ነው።

መስኮቱ አንቱታ አያውቅም። ሽማግሌም ሆነ የትናንት ሕፃን ለሱ ሁሉም አንተ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ትልልቅ ሰዎች በዚህ በጣም ተናደው ነበር፤ አሁን ተለምዷል።

ስሜ ሶልያና ነው። የእኛ ወላጆች ስም ሲያወጡ ሰፈር ውስጥ ተሰምቶ የማያውቅ ይሁን ብለው ሲጨነቁ ኖረው፣ ይኸው ዛሬ የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ሶልያና፣ ናሆም፣ ኤልዳናና ኢምራን እንባላለን። እኛ ደግሞ በተራችን ለልጆቻችን የቅድመ አያቶቻችንን ስም አወጣንላቸው። የጋሽ ናሆም ልጆች ደርበውና የሻረግ የተባሉት ለዚህ ነው።

ጋሽ ናሆምና ባለቤታቸው እትዬ ኤልዳና በአንድ ግድግዳ የምንለያይ ጎረቤቶቼ ናቸው። ጋሽ ናሆም ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበሩ። ጣታቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አንድ ፊደል ሊነኩ ሄደው ሌላ እየነኩ ተቸገሩ። «ዛሬ ደግሞ ማን ሆኜ ልዋል?» እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ በሳቁ መሀል ግን ውሃ አይመጣም። እንዲህ ያለ ሰው ቶከኑን ለሚያምነው ሰው እጅ ይሰጣል፤ ተቀባዩ ያዥ ይባላል። ያዥ በባለቤቱ ፈንታ በየጧቱ ያድሳል፤ ባለቤቱ ሲሞት ደግሞ ይሰርዛል። ከያዡ በቀር ማንም መሰረዝ አይችልም። የጋሽ ናሆምም የእትዬ ኤልዳናም ያዥ አብሯቸው የሚኖረው ልጃቸው ደርበው ነበር።

ደርበው እዚያው ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነው። ጠንቃቃ ሰው ነው። ጫማውን እንኳ ሲያወልቅ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ነው የሚያስቀምጠው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አሁን ልናገር፣ በኋላ ስናደድ እንዳልረሳው።

የሻረግ ታናሽ እህቱ ናት። የምትሠራው ሰመራ፣ ከዚያ ማለቂያ ከሌለው የፀሐይ ሰሌዳ ሜዳ ላይ ነው። አቧራ የሚጠርጉትን ማሽኖች ትቆጣጠራለች። የምትኖረው በድርጅቱ ግቢ ነው፤ ዘመድ የሚባል አጠገቧ የለም። በየጧቱ ከመስኮቷ ፊት ቆማ የራሷን ካደሰች በኋላ «ቶከን አሳይ» ብላ ትጽፋለች። የቤተሰቧ ስም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። «ናሆም፦ ታድሷል» የሚለው ሲመጣ «እንደምን አደርክ አባዬ» ትላለች፤ ድምፅ አውጥታ ነው የምትለው። በዚህ ማንም አይስቅባትም፤ ሁላችንም የምናደርገው ነው። እኔም ጅግጅጋ ያለው ልጄ መነሣቱን የማውቀው በዚያው ነው። ስልክ ደውሎ «ደህና ነኝ» ቢለኝ እሱ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጋሽ ናሆም እሑድ ከምሳ በኋላ ግቢያቸው ውስጥ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። ጩኸቱን ሰምቼ ስገባ እትዬ ኤልዳና እግራቸው ሥር ተቀምጠው ካልሲያቸውን ያስተካክሉላቸው ነበር።

ዕድሩ ወዲያው ተሰበሰበ። ድንኳኑ ሳይተከል፣ ሳጥኑ ሳይመጣ፣ መጀመሪያ የተነሣው ነገር የየሻረግ መርዶ ነበር። ይህን ወጣቶቹ አንዳንዴ አይረዱትም። እኛ ዘንድ ሰው የወላጁን ሞት ብቻውን አይሰማም። ጎረቤትና ሽማግሌ ሆኖ በማለዳ ይኬዳል፤ በር ይንኳኳል፤ ገብቶ ይቀመጣል። የሚነገረው ቀስ ተብሎ ነው፤ ሲነገረው የሚይዘው እጅ አጠገቡ ይኖራል። ድምፅም ፊትም ከተሰረቀብን ወዲህ እንዲያውም ይህ ልማድ ጠንክሯል። በአካል መጥቶ ሶፋህ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ገና አልተመሰለም።

ችግሩ መስኮቱ ነው። በደንቡ መሠረት ሰው እንደሞተ ያዡ «ቶከን ሰርዝ» ብሎ ምክንያቱን «ሞት» ማለት አለበት። ያን የጻፈ እንደሆነ የሟቹን ቶከን የሚያይ ሰው ሁሉ መስኮቱ ይጮህበታል፤ ቃሉም ይወጣል። ስለዚህ ከተማችን አንድ ነገር ለምዷል። መርዶ ነጋሪዎቹ እስኪደርሱ ድረስ ያዡ ሟቹን ያድሳል። ክልክል ነው፤ ግን የማያደርገው የለም። የዕድራችን ዳኛም የመቃብሩን በር ያስከፈቱት «ለመቃብር ጽዳት» ብለው ጽፈው ነው። በማግሥቱ ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለጽዳት ገባ።

ከቀብር ስንመለስ ደርበውን ወደ ጎን ጠራነው። ወደ ሰመራ የምንሄደው ዳኛው፣ ጋሽ ኢምራንና እኔ ነበርን።

«ዛሬ ጧት አድሰሃል አይደል?» አሉት ዳኛው።

«አድሻለሁ።»

«በል እኛ ደርሰን እስክንነግራት እንደዚያው አድስ። ሌላ ምንም አትንካ።»

«እሺ» አለ ደርበው።

እናቱ ከተቀመጡበት ፍራሽ ላይ ሆነው ሰሙ። «ልጄ፣ አደራ» አሉት። «እሷ ብቻዋን ናት።»

«እሺ እማዬ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ተሳፈርን። ባቲ አደርን። በማለዳ ተነሥተን ቁልቁል ወደ ቆላው ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። ሚሌ ስንደርስ አውቶቡሱ ቆመ፤ ሾፌሩ ቢለው ቢሠራው ዝም አለ። አውቶቡስም ቶከን አለው፤ ያዡ ባለንብረቱ ነው፤ ባለንብረቱ ደግሞ ሐርቡ ሠርግ ሄዶ፣ ሲጨፍር አምሽቶ፣ ሳያድስ ተኝቷል። ሠላሳ ምናምን ሰው ከነሻንጣው አንድ ሰውዬ ከእንቅልፉ እስኪነቃ ሚሌ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ዳኛው ከሻይ ቤቱ መስኮት ለደርበው ቃል ላኩ፦ ሚሌ ተይዘናል፣ ነገ ጧትም አድስ። ደርበው «እሺ» ብሎ መለሰ። ያን ቀን ጧት እንደታዘዘው አድሶ ነበር።

ባለንብረቱ የነቃው ከሰዓት በኋላ ነው። ሎጊያ የገባነው ሲመሽ ነበር። ሎጊያና ሰመራ ማለት አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» የሚል ያህል ቅርብ ናቸው። ጋሽ ኢምራን «እንሂድ እንዴ ወይስ እንደር?» ሲሉ ጠየቁ። ዳኛው «መርዶ በምሽት አይነገርም» አሉ። እኔም «እውነት ነው፣ ሌሊቱን በሙሉ ከምታለቅስ በማለዳ ብትሰማው ይሻላል» አልኩ። እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ። ሎጊያ አደርን።

አሁን የምነግራችሁን ደርበው ራሱ ነው የነገረኝ፤ እኔ አልነበርኩም።

ሎጊያ ባደርን በማግሥቱ ጧት እናቱ ገና አልተነሡም። የራሱንና የእናቱን አደሰ። ከዚያ «ቶከን አድስ ናሆም» ብሎ ጻፈ። መስኮቱ «ታድሷል» አላለም። ከወትሮው በላይ አሰበና እንዲህ ሲል ጻፈ፦

ናሆም ከታደሰ ወዲህ አንድም በር አልከፈተም። ውሃ አልቀዳም። በሕይወት አለ?

ከሥሩ ሁለት መስመር ተከተለ፦

«አዎ» ካልህ በራስህ ቶከን ትመሰክራለህ።

«የለም» ካልህ ያለፉት እድሳቶች በይቅርታ ይታለፋሉ።

በቶከኑ በሐሰት የመሰከረ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቃል። አይታሰርም። ቶከኑ ቢጫ ይሆናል። ቢጫ ሰው የትም እንዳይገባ አይከለከልም፤ በሩ ይከፈትለታል፣ ግን ቆይቶ ነው። ሌላው ሰው ሳይቆም የሚያልፍበት በር ፊት ቆሞ ይጠብቃል፤ በሩ ላይ ያለችው መብራት ቢጫ ሆና ትቆያለች፤ ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ያያታል። ቅጣቱ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። ዳቦ ቤት ላይ አንድ ቢጫ ሰው አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ በሩ እስኪከፈትለት ድረስ የረሳው ነገር እንዳለ ሁሉ ኪሱን ይዳብሳል።

ደርበው በየጧቱ የፋብሪካውን በር የሚያልፈው ከሚያዛቸው ሠራተኞች ጋር ነው። ከመስኮቱ ፊት ቆሞ ያሰበው ያን ነው። «አባቴን አላሰብኩም፣ የሻረግንም አላሰብኩም» አለኝ። «የፋብሪካው በር ብቻ ነው በዓይኔ የመጣው። እኔ ቆሜ፣ እነሱ ከኋላዬ።»

«የለም» ብሎ ጻፈ።

መስኮቱ ያን ጊዜ አላሰበም። «ናሆም፦ ተሰርዟል። ምክንያት፦ ሞት። ለሚመለከታቸው ሁሉ ተነግሯል» አለ፤ አከታትሎ። ለሚመለከታቸው ሁሉ ተነግሯል የሚለውን ሲያነብ ነው ያደረገውን ያወቀው። ተንደርድሮ «ቶከን መልስ ናሆም» ብሎ ጻፈ። መስኮቱ «እንዲህ ያለ ትዕዛዝ የለም» አለው። እንደገና ጻፈ። እንደገና የለም አለው። ከጓዳ እናቱ «ደርበው፣ ውሃው መጥቷል?» ሲሉ ሰማ። «መጥቷል እማዬ» አላቸው።

እኛ በዚያ ሰዓት ነጠላችንን ከሻንጣ አውጥተን ከሎጊያ ተነሥተናል። መንገድ ላይ ጋሽ ኢምራን የሚናገሩትን ለራሳቸው ይለማመዱ ነበር። ጋሽ ኢምራን በሰፈራችን መርዶ በመንገር የታወቁ ናቸው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እሳቸውን ይዞ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ስለ መንገዱ፣ ቀጥሎ ስለ ሙቀቱ ያነሣሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። ሰውዬው ከዝምታቸው ያውቃል። እሳቸው ሲነግሩ አልጋ ላይ እንደተኛ ሕፃን ቀስ አድርገው ነው የሚያነሡህ።

የድርጅቱ ግቢ ስንደርስ ከየሻረግ ክፍል ፊት ሰው ቆሟል። የሥራ ልብስ የለበሱ፣ ቋንቋዋን አንዳንዶቹ የሚችሉ አንዳንዶቹ የማይችሉ ልጆች ናቸው። ሲያዩን መንገድ ለቀቁልን።

የሻረግ መሬት ላይ ነበረች። የአቧራ ጓንቷን አንዱን አጥልቃለች፣ አንዱ ወድቋል። ከራሷ በላይ መስኮቱ እንደበራ ነው። እኛን ስታይ አልጮኸችም። ጩኸቷን ጨርሳ ነበር። እኛ ግን ሦስታችንም በር ላይ እንደቆምን ቀረን፤ ይዘን የመጣነው ነገር ቀድሞን ደርሷል። ጋሽ ኢምራን ያን ሁሉ ዓመት መርዶ ሲነግሩ አፋቸው ሲያያዝ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ሮጬ አቀፍኳት። ጋሽ ኢምራንም መጥተው ራሷን ዳበሱና «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አሏት። ሌላ የቀራቸው ቃል አልነበረም።

ቆይታ ቀና አለችና አየችኝ። «እትዬ ሶልያና፣ አባቴ መቼ ነው የሞተው?»

«እሑድ ነው የኔ ልጅ።»

«እሑድ?» መስኮቱን አየች። «ትናንት ታድሷል ብሎኛል እኮ። ከትናንት ወዲያም ታድሷል ብሎኛል። እንደምን አደርክ ብየዋለሁ።»

ዳኛው ወደ መሬት አዩ። እኔ ፊቴን የማደርግበት ጠፋኝ። ከኮምቦልቻ ስንነሣ ትክክል የመሰለኝ ነገር ሁሉ እዚያች ክፍል ውስጥ ሌላ መልክ ያዘ። ሞቶ አፈር ለብሶ የተኛ ሰው ደህና አድሯል ብለን አሳምነናታል፤ እሷም ሰላም ብላዋለች። ይህ የኛ ሥራ ነው፤ የደርበው ብቻ አይደለም። ደግሞ ማታ ሎጊያ ነበርን። ለማደር የመረጥነው እኛ ነን፤ ወግ ይጠበቅ ብለን።

«ታዲያ ዛሬ ማን ሰረዘው?» አለች የሻረግ።

«ደርበው መሆን አለበት» አልኳት። ልሸፍንለት ብፈልግም አልችልም፤ ከሱ በቀር ያዥ የለም።

ከዚያ በኋላ እስከ ኮምቦልቻ አልተናገረችም። ሚሌ ላይ ውሃ ሰጠኋት፤ ጠጣችና ጠርሙሱን መለሰችልኝ።

ድንኳኑ ተተክሎ ጠበቀን። ደርበው በር ላይ ነበር። የሻረግ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ። ሰው ሁሉ አብሮ አለቀሰ። ምንም አላለችውም። ቢቆጣ የሚገባው ሰው ዝም ሲል ምን እንደሚመስል በዚያ ሳምንት ነው ያየሁት። ምሳ ስታቀርብ ለሱም ታቀርብለታለች። ሲጠራት «አቤት» ትላለች። ዓይኗ ግን እሱ ላይ አይቆይም።

እኔ እንደሷ አይደለሁም፤ አላስቻለኝም። ከሠልስቱ በኋላ ከድንኳኑ ጀርባ ያዝኩት።

«እሺ ብለኸን አልነበር?»

«ብያለሁ እትዬ ሶልያና።»

«ታዲያ ምን ነካህ? ትንሽ ብትቆይ እኮ ደርሰን ነበር።»

መስኮቱ የጠየቀውን፣ የተጻፈለትን፣ ያሰበውን ሁሉ ነገረኝ። ቀድሜ የነገርኳችሁን ያኔ ነው የሰማሁት። አንዱንም አላሳመረውም። ሲጨርስ «ማፈርን ፈርቼ ነው» አለኝ። «አሁን ይኸው።»

«በል አሁን ግባ፣ እንግዳ መጥቷል» አልኩት። ልሰድበው ነበር የጠራሁት፤ ስድቡ ግን አልወጣልኝም።

ቶከኑ ንጹሕ ነው። መስኮቱ ቃሉን ጠብቋል፤ ያለፉት እድሳቶች በይቅርታ ታልፈውለታል። የፋብሪካው በር ገና ሲጠጋ ይከፈትለታል። ግን ወሬ አይደበቅም፤ እንዴት ንጹሕ ሆኖ እንደቀረ ፈረቃው በሙሉ ያውቃል። እንደ ወትሮው ከሠራተኞቹ ጋር ሲገባ መብራቷ አረንጓዴ ትሆናለች፤ ያን ጊዜ ከኋላው ያለው ጨዋታ ይቋረጣል ብሎኛል። አሁን ከሁሉም ቀድሞ ብቻውን ይገባል። ሰፈር ውስጥም ሁለት ቤተሰብ በሰበብ በአስባቡ እሱ ይዞላቸው የነበረውን ያረጁ ሰዎች ቶከን ተቀብለው ለሌላ ሰጥተዋል። ምክንያት ጠይቆ አያውቅም።

የሻረግ አርባውን አሳልፋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሞ የሸኛት እሱ ነው። «ስትደርሺ ቃል ላኪልኝ» አላት። ላከችለት፦ ደርሻለሁ።

ከዚያ ብዙ ሳይቆይ አንድ ቅዳሜ ጧት ደርበው በሬን አንኳኳ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ ሶልያና፣ ለምስክርነት ይፈለጋሉ» አለኝ። «እኛ ጋ ቢመጡ።»

ሄድኩ። እትዬ ኤልዳና ፍራሻቸው ላይ ከጥቁር ልብሳቸው ጋር ተቀምጠዋል። መስኮቱ በርቷል። እንዲህ ይላል፦

የሻረግ የኤልዳናን ቶከን ያዥነት ከደርበው ለመቀበል ጠይቃለች። ምክንያት፦

ምክንያቱ ባዶ ነው። ነጭ መስመሩ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ከሥሩ ደርበው «እሺ» እንዲል፣ አንድ ጎረቤትም እንዲመሰክር ይጠይቃል።

ሦስቴ አነበብኩት። እናቱ ከሱ ጋር አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። ከሱ ጋር ይበላሉ። ከነገ ጀምሮ ግን የእናቱ ውሃ የሚከፈተው ሰመራ ሆና እህቱ ስትጽፍ ነው፤ እሱ እዚሁ ቆሞ እንደማንኛውም ዘመድ «ኤልዳና፦ ታድሳለች» የሚለውን ይጠብቃል።

ደርበው እጁ ፊደሎቹ ላይ ነበር፤ ግን አይጽፍም።

«አልፈርድባትም» አለ፣ ለኔም ይሁን ለእናቱ ሳይለይ። «የሚገባኝ ነው። ግን ምነው ምክንያቱን ብትጽፈው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

«እሷ አይደለችም» አሉ እትዬ ኤልዳና።

ሁለታችንም ዞርን።

«እሷ ምክንያቱን አታውቀውም። ውሰጅው ያልኳት እኔ ነኝ። ስትሄድ መናኸሪያ ልትሸኛት ስትወጣ፣ ጆሮዋ ላይ ነው ያልኳት።»

ደርበው እናቱን ሲያይ አይቼ ዓይኔን መለስኩ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት ማየት ነውር ነው።

«እማዬ» አለ።

«ልቀጣህ አይደለም» አሉ እትዬ ኤልዳና። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነው፤ ሽሮው ጨው አንሶታል እንደሚሉት ዓይነት። «ሳስበው ነው የከረምኩት። አንተ ከያዝከው፣ እኔ ስሞት ያ ነገር እንደገና ይጠይቅሃል። ሁለተኛ እንዲጠይቅህ አልፈልግም። እሷ ከያዘችው ግን፣ እሷ ሳትጽፍ ማንም አይሰርዘኝም። እሷ ደግሞ ሳታውቅ አትጽፍም። ስለዚህ ማሽኑ ቀድሞ ሊነግራት አይችልም። ሰው መሄድ አለበት።»

እኔ በልቤ ዕድራችንን፣ ዳኛውን፣ ራሴንም ታዘብኩ። ስንት ስብሰባ ተቀምጠን ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም።

«ሰዎቹ ቢዘገዩስ?» አለ ደርበው። «ባለፈው እንደሆነው መንገድ ላይ ቢያዙስ? በር አልከፈተችም፣ ውሃ አልቀዳችም ብሎ እሷን ቢጠይቃትስ?»

«ሳይጠይቃት መድረስ ነዋ።»

«ማን ይደርሳል እማዬ? እትዬ ሶልያናም ደክመዋል፣ ጋሽ ኢምራንም አርጅተዋል። ማን ነው የሚሄደው?»

እትዬ ኤልዳና ልጃቸውን አዩት። ገርሟቸው ነው ያዩት።

«አንተ ነሃ» አሉት። «ሌላ ማን ወንድም አላት?»

ደርበው ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አባቱ የሞቱ ዕለት እንኳ እንደዚያ አልሆነም። ሲረጋጋ «እሺ» ብሎ ጻፈ፤ እኔም ከሥሩ መሰከርኩ። መስኮቱ ተቀበለ።

«እና ደግሞ» አሉ እናቱ ከኋላችን፣ «ስትነግራት አጠገቧ ቁጭ በል። ቆመህ አትንገራት።»